ውኃ መውረድ፦ የመጽሐፍ ቅዱስ ወንዞች ከስሜን ግርጌ ሲታዩ

በስሜን፣ በመካነ ብርሃንም ሆነ በደባርቅ፣ ማለዳ ጀሪካኗን አዝላ የወጣች ልጅ የት እንደ ሄደች ለጠየቀ ሰው መልሱ «ውኃ ወርዳለች» ነው። በደጋው አገር ወደ ውኃ አይኬድም፤ ይወረዳል። አነጋገሩን ያወጣው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ሰው ቤቱን የሚሠራው ከላይ፣ ገብስ በሚበቅልበት ብርድ ነው፤ ወንዙ ግን ከገደሉ ሥር፣ ሙቀቱና ወባው ባለበት ቆላ ይሄዳል። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከራስ ደጀን ጫፍ ላይ ቆሞ ዙሪያውን የቃኘ ሰው ወንዝ አያይም፤ የሚያየው ወንዝ የቆረጠውን ሸለቆ ነው።

ዮርዳኖስን ዕብራውያን «ያርዴን» ይሉታል። አብዛኞቹ የቋንቋ ሊቃውንት ስሙን «ያረድ» ከሚለው ግሥ ያወጡታል። የዕብራይስጡ «ያረድ» እና የእኛ «ወረደ» ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። እንግዲህ ዮርዳኖስ በእኛ አፍ ቢተረጎም «ወራጁ» እንደ ማለት ነው። ስሙም ከግብሩ ጋር ይስማማል፤ ከአርሞንኤም ተራራ ሥር ተነሥቶ የሚያበቃው በሙት ባሕር፣ ከባሕር ወለል ወደ 430 ሜትር ዝቅ ብሎ ነው። በምድር ገጽ ላይ ከእሱ ይበልጥ ዝቅ ብሎ የሚፈስ ወንዝ የለም።

ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ወንዞች በአገራችን የተጻፈውና የተሰበከው ብዙ ነው፤ ጠቅለል አድርጎ ላየው ግን ሁለት መንገድ ይዟል። አንዱ ምንጭ ይጠይቃል፤ ግዮን የትኛው ነው፣ ከገነት እንዴት ወጣ፣ የማንን አገር ይከባል ይላል። ሌላው ወንዙ ወዴት እንደሚወርድ፣ ወደ እሱስ ማን እንደ ወረደ ይጠይቃል። የመጀመሪያው በመጽሔትና በመድረክ ይበዛል፤ ሁለተኛው ደግሞ በየዓመቱ ጥር 10 በየመንደሩ በእግር ይጻፋል። እኔ የማደላው ለሁለተኛው ነው። ለምን እንደሆነ የስሜንን ውኃ ተከትዬ አሳያለሁ።

ምንጭ ጠያቂዎች

የመጀመሪያው መንገድ ቸል የሚባል አይደለምና ከእሱ እንነሣ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ገነትን የሚያጠጣው ወንዝ ወጥቶ ለአራት ይከፈላል፤ ኤፌሶን፣ ግዮን፣ ጤግሮስና ኤፍራጥስ። ግዮን የሚከብበውን አገር ዕብራይስጡ ኩሽ ይለዋል፤ የሰባው ሊቃናት የግሪክኛ ትርጉም ኢትዮጵያ አለው፤ ግዕዙም ያንኑ ተከተለ። ግዮን ናይል ነው፣ የእኛው ዓባይ ነው የሚለው ትርጓሜ አገር ወዳድ ሊቃውንት በኋላ ዘመን ያመጡት የሚመስለው ሰው አለ፤ ተሳስቷል። የትንቢተ ኤርምያስ ግሪክኛ ትርጉም በምዕራፍ 2 የግብፅን ውኃ በቀጥታ ግዮን ብሎታል። አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፉስ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የቆጵሮሱ ኤጲፋንዮስም በ4ኛው እንዲሁ ብለዋል። ሙሉ ቅጂው በግዕዝ ብቻ የተረፈልን መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ ምድር ለኖኅ ልጆች ስትካፈል ግዮንን የሴምና የካም ድንበር አድርጎ ያስቀምጠዋል።

ተቃውሞውም ቀላል አይደለም። ጤግሮስና ኤፍራጥስ የሚነሡት ከአርመን ተራሮች ነው፤ ዓባይ ከእነሱ ጋር እንዴት አንድ ምንጭ ይኖረዋል? በዘፍጥረት ምዕራፍ 10 ኩሽ የናምሩድ አባት ነው፤ ናምሩድም የነገሠው በባቢሎን ምድር ነው። ስለዚህ አንዳንድ የዘመኑ ተመራማሪዎች ግዮንን ከጤግሮስ በስተ ምሥራቅ ይፈልጉታል። ጥንታውያኑ ይህን ችግር አላጡትም። አውግስጢኖስ ወንዞቹ ከገነት ወጥተው በምድር ሥር ረጅም መንገድ ከሄዱ በኋላ በየቦታው ይፈልቃሉ ብሎ መለሰ። ከእሱ በፊት የነበረው፣ በእኛ ዘንድ በውዳሴ ማርያም የሚታወቀው ቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ ደግሞ ገነትን ከፍ ያለ ተራራ አድርጎ ያያታል፤ ወንዞቹ ከዚያ ከፍታ ወርደው በምድር ተውጠው ከሩቅ ይወጣሉ። ይህን የኤፍሬምን አሳብ ለስሜን ሰው ማስረዳት አይከብድም። ውኃ ከደመና በላይ ካለ አምባ ሲወረወር፣ ከጉምና ከገደል ውስጥ ሲጠፋ፣ ከዚያም በቆላው ወንዝ ሆኖ ሲገኝ ዕለት ዕለት ያያልና። የጅንባር ፏፏቴ ግጭ ገደል ላይ እንዲህ ነው።

በጎጃም ሰከላ የምትገኘው ግሽ ዓባይ የዚህ እምነት ምድራዊ አድራሻ ናት። ጻድቁ አቡነ ዘርዐ ቡሩክ መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጥተው ከዓመታት በኋላ ውኃ ሳይነካቸው መልሰው እንደ ተቀበሉ በገድላቸው ይነገራል። ዛሬም ጠበልተኛው ብዙ ነው። ምንጩን ያዩት አውሮፓውያንም ዝና አተረፉበት፤ ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ደረሱበት። ብሩስ ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሄደው ተከዜን ተሻግሮ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ ደባርቅን አልፎ ነው። የእኛን ወንዝ በእግሩ ረግጦት ሄዷል፤ ስሙን ያስጠራው ግን የተሻገረው ውኃ ሳይሆን የደረሰበት ምንጭ ነው። ምንጭ ፍለጋ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ በመንገድ ያለውን ወንዝ መሸጋገሪያ ብቻ ያደርገዋል።

ሌላም ግዮን አለ፤ በዚህ ክርክር ውስጥ ሲነሣ ግን እምብዛም አልሰማሁም። በኢየሩሳሌም ከዳዊት ከተማ ሥር የሚፈልቀው ምንጭ ስሙ ግዮን ነው። ንጉሥ ሕዝቅያስ ውኃውን ወደ ከተማው ያስገባው ከአለት ውስጥ 533 ሜትር ያህል በተፈለፈለ ቦይ ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 1 እንደ ተጻፈው ዳዊት ሲያረጅ ሰሎሞንን በንጉሡ በቅሎ አስቀምጠው ወደዚህ ምንጭ አወረዱት፤ ካህኑ ሳዶቅም በዚያ ቀባው። ሊነግሥ ያለው ልጅ ከቤተ መንግሥቱ ወደ ግዮን ወረደ።

ይህን ታሪክ ሳነብ ደረስጌ ማርያም ትታወሰኛለች። በጃናሞራ በመካነ ብርሃን አጠገብ ያለችውን ይህችን ቤተ ክርስቲያን ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም አሠሯት። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ ውቤን በደረስጌ ድል አድርገው፣ በጥቂት ቀን ውስጥ በዚችው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ። ሰሎሞን ለመንገሥ ወደ ውኃ ወረደ፤ ቴዎድሮስ ለመንገሥ ወደ ተራራ ወጡ። ቅባቱ አንድ ነው፤ የመሬቱ አቅጣጫ ግን ተገላቢጦሽ ነው። በኢትዮጵያ የንጉሥ ሥፍራ አምባ ሆኖ ኖሯል። ወደ ውኃ የሚወርደው ታቦት ነው፤ ንጉሡ ሲወርድም ታቦቱን ተከትሎ ነው።

ተከዚ ማለት ወንዝ ነው

የስሜን ውኃ አብዛኛው የተከዜ ነው። የጅንባሩ፣ ከቧሂትና ከራስ ደጀን መካከል የሚወርደው የምሸሃው፣ በሊማሊሞ ሥር የሚያልፈው የዛሪማው፣ የጃናሞራ ጅረቶችም ሁሉ ዞረው ዞረው ወደ እሱ ይገባሉ። ተከዜ ራሱ ከላስታ ተነሥቶ ስሜንን በምሥራቅና በሰሜን ከቦ ያልፋል፤ ሸለቆው በቦታ በቦታው ከ2,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ብዙ ሰው ስሙን ከትካዜ ጋር ያያይዘዋል። በግዕዝ ግን «ተከዚ» ማለት ወንዝ ማለት ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ግዕዝ አንባቢ ወንዝ በሚለው ቦታ ተከዚ የሚል ቃል ያገኛል፤ ስለ ሩቅ አገር ውኃ ሲያነብ የቤቱን ወንዝ ስም ይጠራል ማለት ነው። የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኖባ ላይ ስላደረገው ዘመቻ ባስቀረጸው ጽሑፍ ላይ ተከዜ በስሙ ተጠቅሷል።

ክብረ ነገሥት ደግሞ ከዚህ ርቆ ይሄዳል። ቀዳማዊ ምኒልክና የእስራኤል በኩራት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ከኢየሩሳሌም ሲመጡ ወደ ግብፅ በደረሱ ጊዜ ያገኙትን ውኃ ተከዚ ይለዋል፤ ከኢትዮጵያ ወርዶ የግብፅን ሸለቆ የሚያጠጣው ነው ይላል። ተከዜና ናይል በዚያ ትረካ ውስጥ አንድ ውኃ ናቸው። የካርታ ሊቅ ስሕተት ነው ሊል ይችላል። እኔ ግን ከስሕተት ይልቅ ማስተዋል አየዋለሁ፤ ተከዜ ሰቲት ተብሎ፣ ከዚያም በሱዳን ምድር አትባራ ተብሎ፣ ከካርቱም በስተ ሰሜን በአትባራ ከተማ አጠገብ ከናይል ጋር ይገናኛል። ከዚያ ወዲያ እስከ ሜዲትራኒያን ድረስ ናይል ሌላ ገባር የለውም። በመካነ ብርሃን በሐምሌ የዘነበ ዝናብ ግዮንን የሚያገኘው እዚያ ነው።

ስለዚህ በኦሪት ዘፀአት ፈርዖን የዕብራውያንን ወንዶች ሕፃናት ያስጣለበት፣ የሙሴ እናትም ልጇን በደንገል ሣጥን አድርጋ ያኖረችበት ወንዝ የስሜን ደለል የተቀላቀለበት ነው። ወንዙ መጀመሪያ መቃብር ሊሆን ታዘዘ፤ ከዚያ ነቢዩን ተሸክሞ ለፈርዖን ልጅ አስረከበ፤ በመጨረሻም በሙሴ በትር ደም ሆነ። ግብፃውያን እንደ አምላክ ያከበሩትን ውኃ ኦሪት በአምላክ እጅ ያለ ፍጡር አደረገችው። ይህ በመጽሐፍ ቅዱስ ስለ ወንዝ የተነገረው መሠረታዊ ነገር ይመስለኛል፤ ወንዝ ይቀደሳል፣ ግን አይመለክም።

የቀሩትን ወንዞች በአጭሩ እንለፋቸው። ያዕቆብ ሌሊቱን ሙሉ የታገለው በያቦቅ መሻገሪያ ነው። ኤልያስን ቁራዎች የመገቡት በኮራት ፈፋ ነው፤ ያ ፈፋ በኋላ ደርቋል። ቂሶን የሲሣራን ሠራዊት ጠርጎ ወስዷል። ሕዝቅኤል ራእዩን ያየው በስደት በኮቦር ወንዝ ዳር ነው፤ ዕዝራ ከስደት ሲመለስ ጾም ያወጀው በአኅዋ ወንዝ ነው። የባቢሎን ምርኮኞች ያለቀሱትም በወንዝ ዳር ነው። ምኩራብ ባልነበረበት በፊልጵስዩስ ሴቶቹ ለጸሎት የተሰበሰቡት በወንዝ አጠገብ ነበር። ቤተ መቅደስ የራቀው ሰው ውኃ ፈልጎ ይቀመጣል። ሕዝቅኤል በምዕራፍ 47 የሚተርከው ራእይ ግን ቆም ያሰኛል። ከቤተ መቅደሱ መድረክ ሥር የሚወጣው ውኃ መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት፣ ቀጥሎ ጉልበት፣ ቀጥሎ ወገብ ይደርሳል፤ ኋላም በዋና ካልሆነ የማይሻገሩት ይሆናል። ወዴት ይሄዳል? ወደ ዓረባ ወርዶ ጨዋማውን ባሕር ይፈውሳል። ከመቅደስ የወጣው ወንዝ እንኳ መድረሻው ዝቅ ያለውና የሞተው ሥፍራ ነው።

ከተራ

አሁን ወደ ዮርዳኖስ እንውረድ። መጽሐፈ ሄኖክ፣ ሙሉውን ያቆየው ግዕዝ የሆነው ያ መጽሐፍ፣ ሄኖክ የወደቁትን መላእክት ልመና በዳን ውኃ ዳር ተቀምጦ ሲያነብ እንቅልፍ እንደ ወሰደው ይተርካል። ዳን ከዮርዳኖስ መነሻዎች አንዱ ነው። ኢያሱ በምዕራፍ 3 ሕዝቡን ሲያሻግር ወቅቱ መከር ነው፤ ወንዙ ዳር እስከ ዳር ሞልቷል። ታቦቱን የተሸከሙት ካህናት እግራቸው ውኃውን ሲነካ ከላይ የሚመጣው ውኃ አዳም በምትባል ከተማ አጠገብ ተከምሮ ቆመ። ኤልያስ በመጐናጸፊያው መትቶ ተሻገረ፤ ኤልሳዕም በዚያው ልብስ ተመለሰ። ሶርያዊው የጦር አለቃ ንዕማን ከለምጹ ሊነጻ ሲመጣ ዮርዳኖስን ንቆ የደማስቆን ወንዞች አባናና ፋርፋን አወደሰ፤ ቁመናቸውን ካየን እውነቱን ሳይሆን አይቀርም። የዳነው ግን ከሠረገላው ወርዶ፣ ከማዕረጉም ወርዶ ሰባት ጊዜ ሲጠልቅ ነው።

የእኛ የትርጓሜ መምህራን በዮርዳኖስ ላይ ያዩት ደግሞ ሌላ ጥልቀት አለው። ዮርዳኖስ ከላይ ነቁ አንድ ነው፣ ዝቅ ሲል በደሴት ይከፈላል፣ ከዚያ በታች ይገናኛል ይላሉ። የሰው ዘር ከአዳም አንድ ነበረ፤ በግዝረትና በቁልፈት፣ በሕዝብና በአሕዛብ ተለያየ፤ ጌታም የተጠመቀው ከመገናኛው ላይ ነው። ሌላም ትውፊት አላቸው። ዲያብሎስ አዳምንና ሔዋንን ባሪያዎቼ ናችሁ የሚል የዕዳ ጽሑፍ በሁለት እብነ በረድ አስጽፎ አንዱን በሲኦል አንዱን በዮርዳኖስ ጣለው፤ ክርስቶስ በዮርዳኖስ ያለውን እንደ ሰው ረግጦ እንደ አምላክ አቀለጠው። ስለዚህ የወረደው ውኃውን ፈልጎ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ የተጣለውን ፈልጎ ነው። ይህን ትምህርት ያገኘ ሰው ዮርዳኖስ ለምን የምድር ዝቅተኛው ወንዝ እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ልጨምር። መጽሐፍ ቅዱስ መጠመቁን የመዘገበለት ኢትዮጵያዊ የሕንደኬ ጃንደረባ ነው፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8። ከሠረገላው ወርዶ ከፊልጶስ ጋር ወደ ውኃው ወረደ። ያ ውኃ ግዮን አይደለም፤ ዮርዳኖስም አይደለም። በጋዛ መንገድ የተገኘ፣ ጸሐፊው ስሙን እንኳ ያልመዘገበው ውኃ ነው። የኢትዮጵያን ክብር በግዮን ምንጭ ላይ ብቻ ለሚያቆም ሰው ይህ ምዕራፍ መልስ ይመስለኛል።

የጥምቀት ዋዜማ «ከተራ» የተባለው «ከተረ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ገደበ፣ ዙሪያውን ዘጋ ማለት ነው። ጥር የበጋ ወር ነው፤ የደጋው ጅረት ይቀጥናል። ትልቅ ወንዝ በሌለበት መንደር ወጣቱ ድንጋይና አፈር፣ ሣርና ቅጠል አምጥቶ ውኃውን ይከትራል፤ በሌሊት የሚባረክ ባሕር ይሆናል። ቀጭኑን ጅረት «ባሕረ ጥምቀት» ማለት በእኛ ዘንድ ማጋነን አይደለም። ታቦታቱ ወርደው በውኃው ዳር በድንኳን ሲያድሩ ውኃው ቆሞ ታቦት ያለፈበት የኢያሱ ቀን ይደገማል፤ ሲነጋ ደግሞ ጌታ የተጠመቀበት ቀን ይታሰባል። ሁለቱ ዮርዳኖሶች በአንድ ግድብ ውስጥ ይገናኛሉ። ዩኔስኮ በዓሉን በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። የመዘገበው ግን ትልልቁን ጃን ሜዳና ጎንደርን ብቻ እንዳይመስለን፤ አንድ ታቦት፣ አሥር አባወራና አንድ ቀጭን ጅረት ባለበት መንደርም በዓሉ ጎዶሎ የለበትም።

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1521 እ.ኤ.አ. በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ጥምቀትን አይቶ ጽፏል። በየዓመቱ መጠመቅ አልገባውም፤ ጥምቀት አንድ ነው ብሎ ተከራከረ። ቤተ ክርስቲያናችንም አንዲት ጥምቀት ብላ ታምናለች፤ የጥር 11ዱ መታሰቢያና በረከት ነው። በጎንደር የዐፄ ፋሲል መዋኛ በቀሃ ወንዝ ውኃ ይሞላል። በላሊበላ ደግሞ ከሁለቱ የቤተ ክርስቲያናት ምድብ መካከል የሚያልፈው ጅረት ራሱ ዮርዳኖስ ይባላል፤ ከአለት የተፈለፈለ መስቀል ቆሞበታል። ላሊበላ ያለችው በተከዜ የላይኛው ተፋሰስ ነው። የላስታው ዮርዳኖስ ወርዶ ወርዶ ስሜንን የሚከበው ወንዝ ውስጥ ይገባል ማለት ነው።

ስሜንም በዚህ በዓል ዜማ ውስጥ ድርሻ አለው። የዜማ አባት ቅዱስ ያሬድ በአክሱም ዐፄ ገብረ መስቀልን ተሰናብቶ፣ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ስሜን መጥቶ በዚያ እንደ ተሰወረ ትውፊቱ ያስረዳል፤ በዓሉም ግንቦት 11 ይከበራል። በጥምቀት ሌሊት በመላ አገሪቱ የሚዜመውን ያደራጀው ሰው የመጨረሻ መንገዱ ወንዝ መሻገር ነበር።

በወንዝ ዳር የኖሩት

የስሜን ውኃ ታሪክ በክርስቲያኑ ብቻ ተነግሮ አያልቅም። ቤተ እስራኤል በዚህ አገር ለብዙ ዘመናት ኖረዋል፤ በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የራሳቸው ገዢዎች ነበሯቸው፤ ከዐፄ ሠርፀ ድንግልና ከዐፄ ሱስንዮስ ጋርም ተዋግተዋል። መንደራቸውን የሚመሠርቱት በወንዝ ወይም በጅረት አጠገብ ነበር፤ የኦሪት ሕጋቸው ያለ ወራጅ ውኃ አይጸናምና። ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ከመንደር ዳር በመርገም ጎጆ ሰባት ቀን ትቆይ ነበር፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ በወንዝ ጠልቃ ትመለስ ነበር። ወንድ ልጅ የወለደች 40፣ ሴት ልጅ የወለደች 80 ቀን ቆይታ በውኃ ትነጻ ነበር። ከሌላ ሃይማኖት ሰው ጋር የተነካካ ታጥቦ ይገባ ነበር፤ በዚህም ጎረቤቶቻቸው «አትንኩኝ» ይሏቸው ነበር።

ክርስቲያኑም ወንድ ልጁን በ40፣ ሴት ልጁን በ80 ቀን ያስጠምቃል። ሁለቱም ቁጥሮቹን ያገኙት ከአንድ ምዕራፍ፣ ከኦሪት ዘሌዋውያን 12 ነው። አንድ ጅረት ከላይ የአንዱ ማንጫ፣ ከታች የሌላው ማጥመቂያ ሆኖ ኖሯል። ይህን ዝምድና የሚያህል የጋራ ነገር እያለ የሆነውን ሳስብ ልቤ ያዝናል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ይስሐቅ የተጠመቀ ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ ይሁን ብለው እንዳወጁ ይነገራል። ዐፄ ሱስንዮስም ስሜንን ድል ካደረጉ በኋላ ብዙዎችን በግድ አስጠመቁ። በዮርዳኖስ የዕዳ ጽሑፍ ተደመሰሰ ብሎ የሚያስተምር አገር ውኃውን የርስት ማስረጃ ሲያደርገው ራሱ ያስተማረውን ረሳ።

በ1984 እና 1985 እ.ኤ.አ. በሙሴ ዘመቻ ወደ 8,000 ቤተ እስራኤላውያን በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ወጥተዋል። ከጎንደር፣ ከስሜንና ከወልቃይት በእግራቸው ሲሄዱ በመንገድና በመጠለያ ወደ 4,000 የሚጠጉ እንደ ሞቱ ይገመታል። በነቢዩ ሶፎንያስ ምዕራፍ 3 ከኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ ስለሚመጡ አምላኪዎች የተነገረውን ቃል ይዘው ነበር የሄዱት። ወንዞቹን የተሻገሩት በሌሊት ነው። ዛሬ ልጆቻቸው እውነተኛው ዮርዳኖስ ባለበት አገር ያድጋሉ፤ ስሜን ያሉት ጅረቶችም የሚወርዷቸውን እነዚያን ሴቶች አጥተዋል።

መሻገሪያው

መጽሐፍ ቅዱስ የወንዝን ክፉ ጎንም አልደበቀም። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው የሚያልፈውን ሁሉ «ሺቦሌት» በል ይሉታል። ቃሉን በኤፍሬም ነገድ አነጋገር «ሲቦሌት» ያለው ይታረዳል። በዚያ 42,000 ሰው ወደቀ። ታቦት ያለፈበት ወንዝ፣ በኋላ ጌታ የሚጠመቅበት ወንዝ፣ በአንድ ፊደል ወንድም የታረደበትም ነው።

ይህን ምዕራፍ ከተከዜ ዳር ሆኖ ያነበበ የእኛ ዘመን ሰው አንገቱን ይደፋል። በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት ተከዜ የጦር መስመር ሆነ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ መጨረሻ በጎንደርና በሽሬ መካከል ያለው የተከዜ ድልድይ ፈረሰ። ከዚህም ከዚያም በአንድ ዜማ የሚጸልዩ፣ በአንድ ቀን ታቦት የሚያወርዱ ሰዎች ናቸው። የያሬድ እግር የተሻገረው ወንዝ ሰው በአነጋገሩ የሚለይበት መሻገሪያ መሆኑን ከማንም የፖለቲካ ወገን ሳልቆም በሃይማኖቴ አዝንበታለሁ።

እውነተኛው ዮርዳኖስም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። ከ1967 እ.ኤ.አ. የእስራኤልና የዐረቦች ጦርነት በኋላ በጥምቀቱ ቦታ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት በፈንጂ ታጠሩ፤ የኢትዮጵያ ገዳምም ከእነሱ አንዱ ነበር። ፈንጂው መጠረግ የጀመረው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ውኃውም ቀጥኗል፤ ከጥንቱ ፍሰቱ ከዘጠኝ አሥረኛው በላይ ለእርሻና ለከተማ ተጠልፏል። ከአዲስ አበባ ለመሳለም የሚሄደው ምእመን የሚያገኘው ሰዎች ውኃውን በደረታቸው የሚገፉበት ሰፊ ወንዝ አይደለም፤ በስሜን በጥር ወር የሚከተረውን ጅረት የሚመስል ጠባብና ድፍርስ ውኃ ነው።

ተከዜም ተገድቧል። በ2009 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ግድብ 188 ሜትር ከፍታ አለው፤ 300 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ግድብን ከሃይማኖት ጋር የሚያጋጭ አሳብ የለኝም፤ ከተራም ግድብ ነውና። የሚያሳስበኝ ከላይ ያለው ነው። በ2015 እና 2016 ዓ.ም. ዝናብ ጠፍቶ ጃናሞራና በየዳ በድርቅ ተጎድተዋል፤ ሰውም ከብትም ተሰቃየ። ምንጭ ሲደርቅ ጀሪካን የያዘችው ልጅ ይበልጥ ትወርዳለች፤ አንድ ሰዓት የነበረው ሁለት ይሆናል። የኮራት ፈፋ ሲደርቅ ኤልያስ ወደ ሰራፕታ ሄዷል፤ የጃናሞራ ገበሬ ወዴት ይሄዳል? ጠበሉን የሚያከብር ሕዝብ ጠበሉ የሚነሣበትን ተራራ ደን ሲመነጠር ዝም ብሎ ማየት የለበትም ብዬ አምናለሁ። በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የቀረው ጥድና ወይራ የውኃውም ጠባቂ ነው፤ ቅጥሩ ሰፋ ቢል ሁለቱም ይሰፋሉ።

ጥር 11 ታቦታቱ ወደ መንበራቸው ይወጣሉ፤ የሚካኤል ታቦት ባለበት እስከ ቃና ዘገሊላ ይቆያል። ሕዝቡ በሆታና በዝማሬ ዳገቱን ሲይዝ የተከተረው ውኃ ከኋላ ይቀራል። ድንጋዩን ወይ ልጆች ያነሡለታል፣ ወይ ውኃው ራሱ ሌሊት ያፈርሰዋል። ከዚያም የተባረከው ጅረት ሣርና ቅጠሉን ይዞ ገደሉን ይወርዳል፤ ጉሙን አልፎ ቆላው ላይ ከሌሎች ጅረቶች ጋር ይቀላቀላል፤ ከላስታ የመጣውን ዮርዳኖስ ይዞ በሰቲት በኩል በረሃውን ያቋርጣል፤ በአትባራም ግዮን ውስጥ ይገባል።